የአንጀት ብግነት ሕመምና በሴቶች ላይ የሚያመጣቸው ብርቅ የማህፀንና የብልት ችግሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ሴቶች፣ አንዳንዴም እናቶችና ባሎች፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሱ ግን በግልጽ ነው የተጻፈው።

የአንጀት ብግነት ሕመም ምንድን ነው? ከጨጓራ ሕመም ይለያል?

ይለያል። የአንጀት ብግነት የሚባለው የሰውነት የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን አንጀት ለዓመታት ሲያቆስል ነው። ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። አልሰራቲቭ ኮላይተስ ትልቁን አንጀት ብቻ፣ ያውም የውስጠኛውን ሽፋን ብቻ ይይዛል፤ ዋና ምልክቱ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ ነው። ክሮንስ ግን ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል፤ የሚያዘወትረው የትንሹን አንጀት መጨረሻ ነው፤ የአንጀቱንም ግድግዳ ከውስጥ እስከ ውጭ ዘልቆ ያቆስላል። ስሙ የመጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሽታውን በዝርዝር ከጻፈው የኒውዮርክ ሐኪም ከቡሪል ክሮን ነው።

ተላላፊ አይደለም፤ በርበሬ በመብላትም አይመጣም። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ15 እስከ 35 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ሴት በምታገባበትና በምትወልድበት ዘመን ማለት ነው።

የአንጀት በሽታ ከማህፀንና ከብልት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ጉርብትና ነው። የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍልና የሴት ብልት ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ናቸው፤ የሚለያቸው ግድግዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ክሮንስ የሚያዘወትረው የትንሹ አንጀት ጫፍም በቀኝ በኩል ከማህፀን ቱቦና ከእንቁላል ማምረቻው አጠገብ ይውላል። የአንጀቱን ግድግዳ የሚበሳ በሽታ ጎረቤቱን አልፎ አልፎ ቢያገኘው አያስገርምም።

ሌሎች ሁለት መንገዶችም አሉ። ክሮንስ አንዳንዴ ከአንጀት ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ቆዳ ላይ፣ ከነዚህም አንዱ በሆነው በብልት ከንፈር ላይ፣ ይወጣል። በሌላ በኩል መድኃኒቱና ቀዶ ሕክምናው ራሳቸው በመውለድና በማህፀን በር ጤና ላይ የሚያሳድሩት ነገር አለ። ነገሩን የሚያከብደው ሴቲቱ ሆዷን ለአንዱ ሐኪም፣ ብልቷን ለሌላው ማሳየቷ ነው፤ ሁለቱ ሐኪሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ አይነጋገሩም። ስለዚህ የማህፀን ሐኪምዎ ስለ ተቅማጥዎ፣ የሆድ ሐኪምዎም ስለ ብልትዎ ባይጠይቅም እርስዎ ይንገሩ።

ተቅማጡ ሳያንስ አሁን በብልቴ በኩል አየርና ጠረን ያለው ፈሳሽ ይወጣል። ምን ሆኜ ነው?

በአንጀትና በብልት መካከል ቀዳዳ ወይም ጠባብ መተላለፊያ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ፌስቱላ ይባላል። ክሮንስ ካለባቸው ሴቶች እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይገጥማቸዋል ተብሎ ይገመታል። በአልሰራቲቭ ኮላይተስ ግን እምብዛም አይታይም፤ ከታየም ወይ ቀድሞ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ነበር፣ ወይም በሽታው መጀመሪያውኑ ክሮንስ ሆኖ ሳይታወቅ ቀርቷል።

ምልክቱ ሁልጊዜ ጎልቶ አይታይም። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ሰገራ ጠጠር ባለ ጊዜ ምንም አይወጣም፤ ተቅማጥ ሲነሳ ብቻ ይታያል። ያኔ ሴቲቱ «ቀርቶልኛል» ብላ ትተወዋለች። አንዲት ሴት ለብልት ኢንፌክሽን ወይም ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መድኃኒት ወስዳ በሳምንታት ውስጥ ሲመላለስባት፣ በግንኙነት ጊዜም ሲያማት፣ ከኢንፌክሽኑ ጀርባ ፌስቱላ ስለመኖሩ መጠርጠር ይገባል።

ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ አካባቢውን ለብ ባለ ውኃ ብቻ ይታጠቡ፤ ሳሙና፣ ሎሚም ሆነ ቅጠል ወደ ውስጥ አያስገቡ። ቆዳው እንዳይላጥ ዚንክ ያለበት ቅባት ወይም ቫዝሊን መቀባት ይረዳል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መግል ወይም መቀመጥ የሚከለክል ሕመም ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ መግል የቋጠረ እብጠት በዚያው ቀን መከፈት አለበት።

ፌስቱላ ከወሊድ የሚመጣ አይደለም እንዴ? እኔ ወልጄ አላውቅም። ሐምሊን ሄጄ ልታይ?

በባሕር ዳር «ፌስቱላ» ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው በተራዘመ ምጥ የተጎዳችውን እናት ነው። አያስደንቅም፤ የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል በከተማዋ ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ነው፤ የአዲስ አበባው ዋናው የሐምሊን ሆስፒታል ደግሞ ከ1974 ጀምሮ አለ። ግን በወሊድ የሚመጣው አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። በምጥ ጊዜ የሕፃኑ ራስ ለቀናት ተጭኖ ሥጋውን ደም ሲያሳጣው የሚከፈተው ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ በፊኛ በኩል ነው፤ ስለዚህ የሚያፈሰው ሽንት ነው። የክሮንሱ ግን ከአንጀት በኩል ይመጣል፤ መውለድ አለመውለድን አይጠይቅም። ያላገባች ልጅም ሊያገኛት ይችላል፤ ድንግልናዋን ወይም ጠባይዋን የሚያስጠረጥር ነገር የለበትም።

ወደ ማዕከሉ ብትሄጂ ወይስ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የሚለውን የላከሽ ሐኪም ይወስን። በየትኛውም በር ብትገቢ ግን መጀመሪያ የምትናገሪው የተቅማጡን ታሪክ ይሁን። የወሊድ ፌስቱላ ጤናማ ሥጋ ላይ ስለሚሰፋ ብዙ ጊዜ ይዘጋል፤ የክሮንስ ፌስቱላ ግን አንጀቱ ተቆጥቶ ሳለ ከተሰፋ በአብዛኛው ተመልሶ ይከፈታል። ይህን የማያውቅ እጅ ቢሰፋው ጥፋቱ የእጁ ላይሆን ይችላል፤ ያልተነገረው ታሪክ ነው።

ፊንጢጣዬ አጠገብ ያለውን እብጠት ኪንታሮት ነው ብለው የባህል መድኃኒት አደረጉልኝ። ልክ ነው?

በእኛ አገር በፊንጢጣ ዙሪያ የሚወጣ ነገር ሁሉ ኪንታሮት ይባላል፤ ትልቁ ጉዳት የሚጀምረውም እዚህ ነው። እውነተኛ ኪንታሮት ያበጠ የደም ሥር ነው። የክሮንሱ ግን የቆዳ ሥጋ፣ ስንጥቅ፣ መግል የሚያወጣ ቀዳዳ ወይም ፌስቱላ ነው። የሚያቃጥል መድኃኒት የተደረገበት ወይም በምላጭ የተቆረጠ ክሮንስ ለወራት የማይድን ቁስል ይሆናል፤ ሰገራ የሚቆጣጠረውም ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል። ጡንቻው አንዴ ከተጎዳ ደግሞ ፌስቱላው ቢዘጋ እንኳ ሰገራ ማምለጡ ሊቀጥል ይችላል።

መለያው ቀላል ነው። ኪንታሮት ያለበት ሰው በአብዛኛው ሆዱ ይደርቃል እንጂ ለወራት አያስቀምጠውም፤ ክብደትም አይቀንስም። «ኪንታሮት» ከተቅማጥ፣ ከመክሳት ወይም ከመግል ጋር ከመጣ አያስነኩት።

ጤና ጣቢያ በሄድሁ ቁጥር «አሜባ ነው» እባላለሁ። እስከ መቼ ነው አሜባ የሚሆነው?

አሜባና ጃርዲያ በጣና ዙሪያ ብርቅ ስላልሆኑ የጤና ባለሙያው መጀመሪያ ይህን ማሰቡ ስህተት አይደለም። ስህተቱ አራተኛው፣ አምስተኛው ፍላጂልም (ሜትሮኒዳዞል) ያለ ምርመራ መታዘዙ ነው። ፍላጂል የክሮንስን ፌስቱላ ለጊዜው ያደርቃል፤ ሕመምተኛዋ «ተሻለኝ፣ አሜባ ነበር ማለት ነው» ትላለች፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይመለሳል። ደም ያለበት ተቅማጥ ከአራት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ሪፈር መጠየቅ መብትዎ ነው።

ከኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ከማየት) በፊት ሁለት ነገሮች ከመንገድ መነሳት አለባቸው። አንደኛው ቢልሃርዚያ ነው። በጣና ዳር የሚዋኙ፣ ልብስ የሚያጥቡና ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች የሚይዛቸው ዓይነት አንጀትንና ጉበትን ያጠቃል፤ ደም ያለበት ተቅማጥም ያመጣል፤ በሰገራ ምርመራ ሊታወቅ ይችላል፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። የሴትን ብልት በማጥቃት በዋናነት የሚታወቀው ግን በአዋሽ ቆላ የሚገኘው፣ በሽንት የሚወጣው ሌላው ዓይነት ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ የአንጀት ቲቢ ነው። ቲቢ እንደ ክሮንስ ሁሉ የትንሹን አንጀት ጫፍ ይወዳል፤ ያጠብባል፣ ይበሳል፣ ያከሳል። የማህፀን ቱቦንም ሊይዝና መካን ሊያደርግ ይችላል፤ ስለዚህ «ሆዴም ታመመ፣ ልጅም እምቢ አለኝ» የምትል ሴት ሁለቱንም በሽታዎች ታስጠረጥራለች። በሐኪሞች ዘንድ እንኳ ሁለቱን መለየት ቀላል አይደለም፤ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕና ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ ይታያል፤ ያም ካልለየ የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮ ለሁለትና ለሦስት ወር ለውጡ ይጠበቃል። ይህ መዘግየት የሚያበሳጭ ቢሆንም ጥቅም አለው፦ ቲቢን ክሮንስ ነው ብሎ የመከላከያ ኃይልን የሚያዳክመውን ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ መስጠት ቲቢውን በሰውነት ሁሉ ሊበትነው ይችላል።

አንዱ የብልት ከንፈሬ አብጦ ቆስሏል። የአባላዘር በሽታ ነው ተብዬ ብታከምም አልዳነም። ባለቤቴም ተጣልቶኛል።

ከብርቆቹ ሁሉ ብርቅ የሆነው፣ ቤት በማፍረስ ግን የሚታወቀው፣ ይህ ነው። በብልት ላይ የሚወጣ ክሮንስ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሁለቱ ከንፈሮች አንዱ ያለ ሕመም ወይም በትንሽ ሕመም ሲያብጥና ሲጠነክር ነው። ከዚያ በቆዳው እጥፋት ውስጥ በቢላዋ የተቀደደ የሚመስል ቀጭን ረጅም ቁስል ይከተላል። አንዳንድ ሴቶች ላይ የአንጀቱ ምልክት ከመታየቱ ከዓመታት በፊት ይመጣል፤ በልጃገረዶችና በሕፃናት ላይ ሲታይ ደግሞ ያለ አግባብ የመደፈር ጥርጣሬ አስነስቶ ያውቃል።

የአባላዘር በሽታ መጀመሪያ መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ቂጥኝ፣ ሄርፒስ፣ ኤችአይቪና በብሽሽት እብጠት የሚያስከትለው የክላሚዲያ ዓይነት ሁሉም ብልት ላይ ቁስልና እብጠት ያመጣሉ። የዚህ አካባቢ ቲቢም አለ። ምርመራው ነፃ ከሆነና ሙሉ ሕክምና ተወስዶ ቁስሉ ካልዳነ ግን ሌላ አንቲባዮቲክ ከመጨመር ይልቅ ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ናሙና መውሰድ ነው መፍትሔው። ናሙናው ላይ ግራኑሎማ የሚባል፣ መካከሉ ያልበሰበሰ የሕዋሳት ክምችት ከታየና ቲቢ ከሌለ ክሮንስ ይታሰባል፤ አንጀቱም ይፈተሻል፣ ሴቲቱ ተቅማጥ ባይኖርባት እንኳ። ሕክምናው ለወራት የሚወሰድ ሜትሮኒዳዞል፣ የስቴሮይድ ቅባት ወይም ክኒን፣ ከባድ ከሆነም ለአንጀቱ የሚሰጡት መድኃኒቶች ናቸው። ለባለቤትዎ ደግሞ ውጤቱን ይዘው አብረው ሐኪሙ ዘንድ ይግቡ፤ ከእርስዎ አንደበት ይልቅ ከሐኪሙ ቢሰማው ይቀለዋል። በሽታው በግንኙነት አይተላለፍም።

በቀኝ በኩል ከእምብርት በታች ያመኛል፤ «የማህፀን ኢንፌክሽን» ተባለ። ከአንጀቱ ሊሆን ይችላል?

ሊሆን ይችላል። የተበሳ አንጀት መግል በቀኝ የማህፀን ቱቦና በእንቁላል ማምረቻው ላይ ሊቋጠር ይችላል፤ በአልትራሳውንድ ላይ ከተራ የማህፀን ቱቦ ኢንፌክሽን ጋር አንድ ይመስላል። ትርፍ አንጀትም በዚያው ቦታ ስለሚታመም ሦስቱ ይደባለቃሉ። መግሉ በቀኝ በኩል ብቻ ከሆነ፣ አንቲባዮቲክ ለጥቂት ቀን አሽሎ እየተመለሰ ካስቸገረ፣ ከዚያም በፊት ተቅማጥና መክሳት ከነበረ፣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል። በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሐኪሙ ምክንያቱ አንጀት መሆኑን ካላወቀ ጤነኛ ቱቦና እንቁላል ማምረቻ ተቆርጦ ሊወጣ፣ የታመመው አንጀት ግን ሊቀር ይችላል።

የወር አበባ ሲመጣ ተቅማጡ ይብስብኛል። በሽታው ተነሳ ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። በወር አበባ ጊዜ ማህፀንን የሚያኮማትሩት ንጥረ ነገሮች አንጀትንም ስለሚያነቃቁ ጤነኛ ሴትም ሰገራዋ ይለሰልሳል። ደም፣ ትኩሳትና መክሳት ከሌሉ የሆድ መድኃኒት መጨመር አያስፈልግም። ለቁርጠቱ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አያዘውትሩ፤ አንጀቱን ሊያስቆጡ ይችላሉ፤ ፓራሲታሞል ይሻላል።

የወር አበባ ጨርሶ መቅረትም የተለመደ ነው፤ ሰውነት ሲከሳና ደም ሲያንስ ማህፀን ያርፋል።

ምርመራውን በባሕር ዳር ማግኘት ይቻላል? ከደቅ ወይም ከዘጌ የምትመጣ ሴት ከየት ትጀምር?

ከጤና ጣቢያዋ ትጀምር፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆነች የሪፈር ሰንሰለቱን ካልጠበቀች ወጪው በራሷ ላይ ይወድቃል። ሰንሰለቱ የሚያደርሳት ፈለገ ሕይወት ወይም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ነው። መታየት ያለባት በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምናና በማህፀን ክፍሎች ነው፤ በአንድ ቀጠሮ ሦስቱንም ማግኘት ስለማይቻል ከአንዱ ወደ ሌላው የምትይዘው ወረቀት ላይ ጥርጣሬው በግልጽ እንዲጻፍላት ትጠይቅ።

ፌስቱላን ለማየት ዋናው መሣሪያ የዳሌ ኤምአርአይ ነው። እሱ በማይገኝበት ጊዜ አሮጌውና ርካሹ ዘዴ አለ፦ በብልት ውስጥ ንጹሕ ጥጥ ይደረግና በፊንጢጣ በኩል ሰማያዊ ቀለም ያለው ውኃ ይገባል፤ ጥጡ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ ቀዳዳ አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሕመምተኛዋ በማደንዘዣ ተኝታ ልምድ ያለው ቀዶ ሐኪም በእጁ ሲመረምራት ነው። የቆየ ወረቀት፣ የድሮ ኤክስሬይ፣ የመድኃኒት ካርቶን ሁሉ ሳይጣል ይምጣ። በጀልባና በመኪና ለሰዓታት የምትጓዝ ሴት ተጨማሪ ልብስና የወር አበባ ሞዴስ ትያዝ፤ እርጥበት ይዞ መቀመጥ ቆዳን ይልጣል።

ቀዶ ሐኪሙ ክር አስሮ ትቶብኝ ወጣ። ረስቶት ነው?

አልረሳውም። ያ ክር ሴቶን ይባላል፤ በፌስቱላው ውስጥ አልፎ ላላ ብሎ ይታሰራል። ሥራው ቀዳዳው በላይ ተዘግቶ በታች መግል እንዳይቋጥር ማፍሰሻ መሆን ነው። ለወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይቆያል። እየታጠቡበት፣ እየሠሩበት ይኖራሉ። እቤት ውስጥ ማንም እንዳይቆርጠው።

ታዲያ ይድናል ወይስ አይድንም?

ቁርጡን ለሚፈልግ፦ በሽታው ከሥሩ አይነቀልም፤ ግን ይተኛል፤ ተኝቶም ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። የፌስቱላው ሕክምና ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው ነገር የሚበላሸው። መጀመሪያ መግሉ ይፈሳል፣ ክር ይገባል። ሜትሮኒዳዞልና ሲፕሮፍሎክሳሲን ፈሳሹን ይቀንሳሉ። ከዚያ የአንጀቱ ቁጣ በአዛታዮፕሪን ወይም በሌላ መድኃኒት ይበርዳል። ለፌስቱላ በጥናት የተሻለ ውጤት ያሳየው ኢንፍሊክሲማብ ሲሆን አዳሊሙማብም በዚያው መንገድ ይሠራል፤ ዋጋቸው ግን ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም፤ ከመጀመራቸው በፊትም የተደበቀ ቲቢ መኖር አለመኖሩ የግድ ይመረመራል። ፕሬድኒሶሎን አንጀቱን ቶሎ ያበርዳል፤ ፌስቱላን ግን አይዘጋም፤ መግል ባለበት ከተሰጠ ደግሞ ይጎዳል። በጎረቤት ምክር የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም፤ በድንገትም አይቋረጥም።

መስፋት የሚመጣው በመጨረሻ፣ አንጀቱ ሲረጋጋ ነው። ያኔም አንዳንዴ ሰገራው ለጊዜው በሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት እንዲወጣ ይደረጋል፤ ይህን የሰማች ሴት ብዙ ጊዜ ታለቅሳለች፤ ግን በብልት በኩል ሰገራ ሲፈስ ከሚኖር ሕይወት ጋር አወዳድራ ከረጢቱን የመረጠች ሴት ሞኝ አይደለችም። ብዙም የማታስቸግር ጠባብ ፌስቱላ ደግሞ ምንም ሳትነካ ልትቀር ትችላለች።

መጾም እችላለሁ? ጠበልስ?

በሽታው በተነሳ ጊዜ ሰውነት ፕሮቲንና ደም እያጣ ነው፤ በባዶ ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱም፣ መድኃኒቱን ሰዓት ማሳለፉም ይጎዳል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ፣ ላረገዘችና ለምታጠባ ታዝናለች፤ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። በረጋበት ጊዜ ጾም አይከለከልም፤ የጣና ዓሣም ዓሣ በሚፈቀድበት ጊዜ ለሆድ የሚስማማ ፕሮቲን ነው። አንጀት ለጠበባቸው ግን ሽንብራ፣ ቆሎና ጥሬ ጎመን ይከብዳቸዋል።

ጠበል መጠመቅ ከመድኃኒት ጋር አይጋጭም። የሚጋጨው መድኃኒቱን አቁሞ መግባት፣ ወይም ሆድ እስኪጸዳ እያስቀመጠ ሳለ በብዛት መጠጣት ነው።

በዚህ ሕመም መውለድ እችላለሁ?

አብዛኞቹ ይችላሉ። በሽታው የተኛባት፣ ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላት ሴት የመፀነስ ዕድሏ ከሌላዋ ጋር ተቀራራቢ ነው። ሐኪሞች የሚመክሩት ከእርግዝና በፊት ቢያንስ ከሦስት እስከ ስድስት ወር በሽታው ረግቶ እንዲቆይ ነው፤ በቁጣ ላይ እያለ የመጣ እርግዝና ላይ ያለጊዜው መውለድና የሕፃኑ ክብደት ማነስ ይበዛሉ።

ችግሩ የሚከብደው ለአልሰራቲቭ ኮላይተስ ትልቁ አንጀት በሙሉ ወጥቶ ከትንሹ አንጀት የሰገራ ማጠራቀሚያ ከረጢት በዳሌ ውስጥ ለተሠራላቸው ነው። በዳሌ ውስጥ የሚፈጠረው ጠባሳ የማህፀን ቱቦዎችን ያጣብቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት መካከል 15 በመቶ፣ ይህ ቀዶ ከተደረገላቸው መካከል ደግሞ 48 በመቶ ያህሉ ለመፀነስ እንደሚቸገሩ አሳይቷል። በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራው ቀዶ ጠባሳው ያንሳል። ልጅ የምትፈልግ ወጣት ከቀዶው በፊት ይህ ሊነገራት ይገባል፤ አማራጩ ትልቁን አንጀት አውጥቶ የዳሌውን ሥራ እስክትወልድ ማቆየት ነው።

ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች ሜቶትሬክሴት የምትወስድ ሴት አታርግዝ፤ ፅንስን ያበላሻል፤ ከእርግዝና በፊት ቢያንስ ሦስት ወር ይቆማል። አዛታዮፕሪን ግን ብዙ ጊዜ ይቀጥላል። ሱልፋሳላዚን የምትወስድ ፎሊክ አሲድ ይጨመርላት። ታማሚው ባልየው ከሆነ ደግሞ ሱልፋሳላዚን የዘር ፍሬን ቁጥር ይቀንሳል፤ ሲቆም ይመለሳል። «ሚስቱ መካን ናት» ከመባሉ በፊት የሱ መድኃኒት ይታይ።

በምጥ ልውለድ ወይስ በኦፕሬሽን?

በፊንጢጣና በብልት ዙሪያ የተነሳ በሽታ ወይም ፌስቱላ ካለ በኦፕሬሽን መውለድ ይመከራል፤ የተቀደደ ሥጋ አይድንምና አዲስ ፌስቱላም ይከፈታል። ያ ከሌለ በምጥ መውለድ ይቻላል። የዳሌ ከረጢት የተሠራላቸው ሴቶች ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ይወስኑ። ምጡ ከመምጣቱ በፊት ከስድስተኛና ሰባተኛ ወር ጀምሮ የት እንደሚወለድ ይታወቅ፤ በጣና ደሴቶች የምትኖር እናት ምጥ ይዟት ጀልባ መፈለግ የለባትም።

የትኛው የወሊድ መቆጣጠሪያ ይስማማኛል?

በክንድ የሚቀበረውና ሉፕ ጥሩ ምርጫዎች ናቸው፤ በአንጀት መምጠጥ ላይ አይመኩም። ኢስትሮጅን ያለበት ክኒን በሽታው በተነሳ ጊዜ የደም መርጋት አደጋን ይጨምራል፤ ትንሹ አንጀት በሰፊው ከታመመም በደንብ ላይመጠጥ ይችላል። የሦስት ወሩ መርፌ አጥንትን ያሳሳል፤ ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ለወሰደች ሴት ሁለቱ ሲደመሩ አይመከርም።

ካንሰር ያመጣብኛል?

ሁለት ነገር ለየብቻ ይታይ። እንደ አዛታዮፕሪን ያሉ የመከላከያ ኃይል የሚያዳክሙ መድኃኒቶችን ለዓመታት የምትወስድ ሴት የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ቶሎ አይለቃትም፤ ስለዚህ የማህፀን በር ምርመራዋ ከሌሎች ሴቶች በበለጠ ቅርብ ለቅርብ መሆን አለበት። በጤና ተቋሞቻችን በሆምጣጤ አሲድ የሚደረገው ምርመራ ለዚህ ያገለግላል፤ ሲመረመሩ የሚወስዱትን መድኃኒት ይናገሩ። ሴት ልጅ ያለችው ቤተሰብ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠውን የማህፀን በር ካንሰር ክትባት አያሳልፋት፤ ሕያው ቫይረስ የለበትም፣ እነዚህን መድኃኒቶች ለምትወስድ ልጅም ይሰጣል።

ሁለተኛው፦ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይዘጋ የቆየ ፌስቱላ በጣም አልፎ አልፎ ወደ ካንሰር ይለወጣል። የቆየ ፌስቱላ አዲስ ሕመም፣ ደም ወይም ጠጣር እብጠት ካመጣ «የለመድሁት ነው» አይባልም፤ በማደንዘዣ ታይቶ ናሙና ይወሰዳል።

በእርግዝናዬ ኢንፍሊክሲማብ ወስጃለሁ። የሕፃኑ ክትባት ላይ ችግር አለው?

አለው፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህን ነው። ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ በእትብት በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፋሉ፤ ከተወለደም በኋላ ለወራት በደሙ ይቆያሉ። በኢትዮጵያ ለሕፃን መጀመሪያ ከሚሰጡት ክትባቶች አንዱ ሕያው ተሕዋስ ያለበት የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ ነው። እናቱ ኢንፍሊክሲማብ ስትወስድ የነበረች ሕፃን ቢሲጂ ተሰጥቶት በክትባቱ ተሕዋስ የሞተበት አጋጣሚ በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። ስለዚህ ቢሲጂው ቢያንስ ስድስት ወር፣ ለኢንፍሊክሲማብ ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ይዘገያል።

አዋላጇ ይህን ላታውቅ ትችላለች፤ ስለዚህ በእርግዝና መከታተያ ካርድዎ ላይ የመድኃኒቱ ስምና መጨረሻ የወሰዱበት ቀን ተጽፎ ይገኝ፤ ምጥ ከመምጣቱ በፊትም ለቤተሰብዎ ይንገሩ። በአፍ የሚሰጡት የፖሊዮና የሮታ ጠብታዎችም ሕያው ስለሆኑ የሕፃናት ሐኪም ይወስንባቸው። ሕያው ተሕዋስ የሌለባቸው፣ ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ በመርፌ የሚሰጡት ክትባቶች ግን በጊዜያቸው ይሰጣሉ። እናትየዋ የወሰደችው ሱልፋሳላዚን ብቻ ከሆነ ቢሲጂውም አይዘገይም።